ጀልባው ገብቷል

ኦዳርሌ የገዛ ራሷን ቃል ከሌላ ሰው አፍ የሰማችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሳሙና ፊቷ ላይ እንዳለ፣ መታጠቢያው ውስጥ ሆና ነው። መታጠቢያው ጣሪያ የለውም፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም፣ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ነው። ከቆርቆሮው ማዶ የግቢው ቧንቧ አለ። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር በቾርኮር ጀልባ አይወጣም፤ ወንዶቹ ቤት ውለው መረብ ይጠግናሉ፣ የቤተ ዘመድ ጉዳይም ካለ በዚያው ቀን ይቆረጣል። ቧንቧው አጠገብ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። አንደኛው አታ ኒኮይ ናቸው፣ የግቢው ትልቅ ሰው፣ የባሏ የሶዋ ሟች አባት ታናሽ ወንድም። ሌላዋ ከፊት ለፊት ክፍል የምትኖረው የእሳቸው ልጅ ዴዴይ ናት።

«ስምንት ሰዓት ላይ የነቢዩ መኪና ይመጣል» ይላሉ አታ ኒኮይ መፋቂያቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ። «ሁለት ልብስ ይበቃታል። ጸሎት ካምፑ ውስጥ እስክትናዘዝ ያቆዩዋታል፤ ከዚያ ያለውን እነሱ ያውቃሉ።»

«እምቢ ብላ ብትጮህስ አባባ?»

«ጎረምሶች አብረው ይመጣሉ።»

«ሶዋስ? እናቱ አይደለች እንዴ?»

«ሶዋን ለእኔ ተይው።»

ባልዲው ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ። «እኔ እንግዲህ ከሆዴ ያወጣሁት ነገር የለም» አለች ዴዴይ። «የገዛ ምራቷ ናት የነገረችኝ። ‹ሙታንን በስማቸው እየጠራች ነው፣ ልጅሽን ጠብቂ› ያለችኝ ኦዳርሌ ናት። ይኸው ሰሞኑን ልጄ ከትኩሳት አልተላቀቀችም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?»

ኦዳርሌ ሳሙናው ዓይኗን እያቃጠላት ቆመች። ውሃ ብታፈስ መኖሯን ያውቁባታል ብላ ፈራች። ለማንም የማትናገረው ነገር ቢኖር ግን መጀመሪያ የተሰማት ስሜት ድንጋጤ አለመሆኑን ነው። እፎይታ ነበር። ከነገ ጀምሮ የራሰ አንሶላ አላጥብም፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ አልነሳም፣ «ቦርሳዬን ሰረቅሽኝ» እያለ ጎረቤት የሚያሰማብኝ የለም አለች በልቧ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው እንዲህ ያስባል። ሐፍረቱ የመጣው ቆይቶ፣ ፊቷን ከታጠበች በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ገና ትንሽ ነበር፣ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ያለ።

ክፍሏ ስትመለስ አማቷ ናአ ኮርኮይ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የራስ ጨርቃቸውን ያስራሉ፣ ይፈታሉ፣ መልሰው ያስራሉ። ክፍሉ አንድ ነው። አልጋው የአሮጊቷ ነው፤ መሬት ላይ ያለው ፍራሽ የኦዳርሌና የባሏ የሶዋ ነው፤ መካከሉን የሚለየው አበባው የደበዘዘ መጋረጃ ነው። ግድግዳው ላይ ናአ ኮርኮይ በጉልምስናቸው የተነሱት ፎቶ ተሰቅሏል፦ ክንዳቸው እንደ መቅዘፊያ እንጨት የጠነከረ፣ ዓሣ በሚያጨሱበት የጭቃ ምድጃ ፊት ቆመው፣ ፎቶ አንሺውን «ቶሎ በል፣ ሥራ አለብኝ» የሚሉ ይመስላሉ። ያን ጊዜ በባሕሩ ዳር ስማቸው ሲጠራ የሚቀመጥ አልነበረም። አሁን ግን የግቢው ሰው «እሳቸው» ማለት ከተወ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። «እሷ» ሆነዋል፣ አንዳንዴም «ያቺ»። ሕጻናት በበራቸው ሲያልፉ እናቶቻቸው እንዳስተማሯቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ትናንት ደግሞ አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ጨው በትኖ ሄዷል፤ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፣ ኦዳርሌም ጠረገችው።

«ደህና አደርሽ የኔ እመቤት» አሏት አማቷ ከጨርቁ ቀና ብለው። «የቤቱን ሰዎች ፈልገሽ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ኦዳርሌ።»

«እሺ፣ ቁጭ በይ። አሁን ይመጣሉ።»

የበቆሎ አጥሚት በማንኪያ አጠጣቻቸው። ሦስቴ ዋጡና አራተኛውን ተፉት። አገጫቸውን ስትጠርግ እጇ እንደወትሮው አልፈጠነም። ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ አልጋውን ባዶ አገኘችው፣ ብትወጣ አማቷ ዴዴይ በር ላይ እርቃናቸውን ቆመው በመዳፋቸው በሩን ይደበድባሉ፣ «ሞሞ! አኩዌሌ! ኦቦሺ!» እያሉ ይጣራሉ። ኦቦሺ የዴዴይ እናት ነበረች። ከሞተች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ዴዴይ በውስጥ በኩል ልጇን ታቅፋ በሩን በጀርባዋ ደግፋ እያለቀሰች ነበር። ኦዳርሌ አማቷን በጨርቅ ሸፍና ጎትታ አስገባች፤ ሲነጋም ቧንቧ ላይ ዴዴይ «ምንድን ነበር እሱ?» ስትላት፣ ሴቶቹ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ሲያቆሙ ስታይ፣ የሁለት ዓመቱ ድካምና ንዴት አንድ ላይ መጣባትና ያቺን ቃል ተናገረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ቃሉ ግቢውን ዞረ፣ በሦስተኛው ቀን ሕጻኗን ትኩሳት ያዛት፣ በሳምንቱ «ቡዳ» የሚለው ስም ከሹክሹክታ ወደ ድምፅ ወጣ።

ሶዋ የለም፤ የሚሠራበትን ሚኒባስ ይዞ ሳይነጋ ወጥቷል። ኦዳርሌም የታዘዘችውን ስልሳ ቦንቦሊኖ ጠብሳ፣ በትልቁ ሰፌድ ደርድራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነች። ለሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተች። አታ ኒኮይ ማንጎው ጥላ ሥር መረብ ዘርግተው ቀና ብለው አዩዋት። «በርቺ ልጄ» አሏት። ፊታቸው ምንም አልነበረበትም። ያ ባዶ ፊታቸው እስከ መንገድ ድረስ ተከተላት።

ቦንቦሊኖውን ያዘዘችው ጡረታ የወጣችው ነርስ ሲስተር ኤፉዋ ነች፤ የምትቀበለውም ከክሊኒኩ አጠገብ ባለው የጸሎት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ለምታስታምሙ ቤተሰቦች፣ ነጻ ትምህርት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሁሉም ይምጣ»። አዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስት የማይሞሉ ሰዎች በላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ የጣሪያው ማራገቢያ እየተንጋጋ ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል። ሲስተር ኤፉዋ ወፍራም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነች። «ገንዘብሽን ሻይ ሰዓት ላይ እሰጥሻለሁ፣ ኋላ ቁጭ በይ» አለቻት። አንድ ቦንቦሊኖ በአገሩ ገንዘብ ሁለት ሲዲ ነው፣ ስልሳው ደግሞ የሳምንቱን ዱቄት ይገዛል፤ ኦዳርሌ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

«ነጻ የሚባል ነገር መጨረሻው የተጸለየበት ዘይት መሸጥ ነው» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት ጮክ ብላ። «እኔ ስንቴ ተሸውጃለሁ!»

«ዘይት የለኝም» አለች ሲስተር ኤፉዋ። «ያለኝ ምላስ ብቻ ነው፤ እሱም የእናንተን ቋንቋ ሲናገር ይሰበራል።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ ዓሣ የነከሰው ነው የሚመስለው!» አለ አንዱ፣ አዳራሹም ሳቀ። ኦዳርሌ አልሳቀችም። ሰዓቱን እያየች ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከአምስት ሰዓት ተኩል ትንሽ አልፏል። ስምንት ሰዓት እስኪደርስ እዚሁ ብቆይ፣ ቤት ስመለስ ሁሉም ነገር አልቆ አገኘዋለሁ፣ ማንም «የት ነበርሽ» አይለኝም የሚል ሐሳብ ሽው ሲልባት እጇን ጉልበቷ መካከል ቀበረች።

«አእምሮን ተሳፋሪ እንደሞላው ሚኒባስ አስቡት» አለች ነርሷ። «ቀድሞ የተሳፈረ ወደ ኋላ ገብቶ ይደላደላል፤ መጨረሻ የመጣ በር ላይ ይንጠለጠላል። ይህ በሽታ መኪናውን ሲያንገጫግጨው ማን ነው ቀድሞ የሚወድቀው?»

«በር ላይ ያለው!»

«አያችሁ። ዛሬ ጠዋት የበሉት ምግብ፣ ባለፉት ዓመታት ወደ ቤት የገባችው ምራት፣ እነዚህ ቀድመው ይወድቃሉ። በሃያ ዓመታቸው የሠሩት ሥራ፣ ያን ጊዜ የነበረው ጓደኛ ግን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያወራቸዋል። እናንተ የማታዩትን ሰው ያናግራሉ የምትሉት ለዚህ ነው። ቦርሳቸውን ራሳቸው ይደብቁታል፣ የደበቁበት ይጠፋቸዋል፣ ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ሰው ‹ሌባ› ይላሉ። ማንን ነው ሌባ የሚሉት? የምታጥባቸውን፣ የምታበላቸውን። ሌላ ማን አጠገባቸው አለ?»

ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ ዘይቱን ረስታ «ወይኔ» አለች። ለኦዳርሌ የማታውቀው ሰው ክፍሏን ከፍቶ ገብቶ፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ሁሉን እያየ የሚናገር መሰላት።

ከዚያ ኳርቴይ የሚባል አናጺ ተነሳ። ጥፍሩ ሥር ሙጫ የደረቀበት፣ ረዥም፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ነው። የተነሳው ለመጠየቅ አልነበረም። «እኔ መኪናውን ራሴ ነኝ የተከራየሁላት» አለ። «እናቴን። ቡዳ ናት አሉ፣ እኔም አመንኩ። ካምፕ ወስጄ ሰጠኋቸው፣ ዛፍ ሥር እግሯን በሰንሰለት አሰሯት። አራት ወር። በሄድኩ ቁጥር ‹ልጄ፣ ምን ሰርቄ ነው?› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ‹ተናዘዢ ይለቁሻል› እላታለሁ። አንድ ቀን ተናዘዘች። ሰው በልቻለሁ አለች። ለእኔ ብላ ነው፣ ደስ እንዲለኝ። በሳምንቱ ሞተች።» ማራገቢያው ብቻ ይንጋጋል። «አሁን የምማርላት ሰው የለኝም» አለ ኳርቴይ። «ዝም ብዬ ነው የምመጣው።» ተቀመጠ።

ኦዳርሌ መቼ እንደተነሳች አታውቅም። «እኔ ሻጭ ነኝ፣ ተማሪ አይደለሁም» አለች፣ ድምፅዋም የእሷ አልመስል አላት። «ግን… ሊነጋ ሲል ልብሳቸውን አውልቀው ወጥተው፣ ሰው በር ላይ ቆመው የሞቱ ሰዎችን ስም ቢጠሩስ? እሱም በሽታው ነው?»

«ምን ይሠሩ ነበር ድሮ?»

«ዓሣ። ከጀልባ ላይ ገዝተው ያጨሱ ነበር።»

«ጀልባ መቼ ነው የሚገባው?»

«ሊነጋ ሲል።»

«የሌሊት ልብሳቸውን አውልቀው የሥራ ልብስ ሊለብሱ ነበር፣ መካከሉ ጠፋባቸው። ስሞቹን ከጠሩ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ምን ይላሉ?»

ኦዳርሌን ሁሉም ዞሮ ያያታል። «‹ተነሱ እንጂ፣ ጀልባው ገብቷል!› ይላሉ» አለች።

ኦዳርሌ ይህን ግማሹን ለዴዴይ አልነገረቻትም። ረስታው አልነበረም። ያን ጠዋት ቧንቧ ላይ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲሰሟት፣ ጀልባውን ከጨመረችበት ወሬው ወሬ እንደማይሆን ገብቷት ነው የቆረጠችው። ጆሮ አግኝታ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ አዝኖላት ነበር። አሁን እዚያው የቆመችበት፣ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት፣ ሁሉን ተናገረችው፦ ጨዉን፣ የሕጻኗን ትኩሳት፣ ስምንት ሰዓት ላይ የሚመጣውን መኪና። ቀና ስትል ሰዓቱ ሰባት ሊሞላ ነው።

«ሂጂ» አለች ሲስተር ኤፉዋ። «እኔ ብመጣ ‹አንቺ ማን ነሽ› ብለው ከበር ይመልሱኛል። የቆረጥሽውን ራስሽ ቀጥዪው። ሕጻኗን ደግሞ ዛሬውኑ አምጡልኝ፣ ደሟ ይታይ። ክሊኒኩ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ፣ እስኪዘጋም ቢሆን።»

ኳርቴይ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነስቶ ነበር። «አብሬሽ ልሂድ» አለ።

ሰፌዷንም ገንዘቧንም ትታ ወጣች። የባሕሩን ዳር ይዘው ሮጡ ማለት ይቻላል፤ አሸዋው ላይ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ቀና ብለው አዩዋቸው። አንዲት ዓሣ ነጋዴ «ኦዳርሌ፣ ዛሬ ነው አሉ አይደል? እንኳን ተገላገልሽ!» ብላ ጮኸችላት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ መኪናውን አየችው። ነጭ ሚኒባስ ነው፣ ጎኑ ላይ የነቢዩ ፊት ተስሎበታል፣ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው። ሞተሩ አልጠፋም። ሰባት ሰዓት ተኩል እንኳ አልሆነም፤ ቀድመው መጥተዋል።

ግቢው ሙሉ ነበር፣ ድምፅ ግን አልነበረም። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራት። ሠላሳ የሚሆን ሰው በየበሩ፣ በየደፉ፣ ማንጎው ሥር ቆሟል፤ ሕጻናቱን እንኳ ማን ዝም እንዳሰኛቸው አይታወቅም። የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቁልፉ ከነማጠፊያው ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። ናአ ኮርኮይ በግቢው መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ላይ የተቋጠረ ጨርቅ አለ፣ እጆቻቸው በራስ ጨርቃቸው ታስረዋል። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ቆመዋል። አሮጊቷ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እያዩ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው በጨዋነት ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ሰላምታ ይሰጣሉ። የሚመልስላቸው የለም።

ኳርቴይ ግቢው በር ላይ ቀረ። መኪናው አፍንጫ ላይ ተቀምጦ እጁን አጣጠፈ።

«አታ ኒኮይ» አለች ኦዳርሌ። ትንፋሽ አጥሯታል። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለዴዴይ የነገርኳት ግማሹን ነው።»

«የምን ግማሽ?»

«ስሞቹን ጠርተዋል፣ እሱ እውነት ነው። ከስሞቹ በኋላ ግን ‹ተነሱ እንጂ፣ ጀልባው ገብቷል› ነው ያሉት። ይህን ቆረጥኩት። ሰምቼ ነው የቆረጥኩት።» ተንበረከከች፤ ለልመና ይሁን ለድካም እሷም አልለየችውም። «ሞሞ ማን ናት አባባ? አኩዌሌስ? እርስዎ ያውቃሉ።»

አታ ኒኮይ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ዓሣ ተሸካሚዎች ነበሩ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለመሬቱ። «ከኦቦሺ ጋር። ሦስቱም እዚያ ክፍል ነበር የሚያድሩት፣ ጀልባ በሚበዛበት ወቅት።» የዴዴይን በር አዩ። «ኮርኮይ በየማለዳው በሩን እየደበደበች ታስነሳቸው ነበር። እኔ ራሴ… ስንቴ ሰድቤያታለሁ፣ እንቅልፍ ነሳሽን እያልኩ።»

«አባባ፣ ትግባ ወይስ ትቅር?» አለ አንዱ ጎረምሳ። «እኛ ጊዜ የለንም።»

ዴዴይ ከበሯ ወጣች። ሕጻኗ ጀርባዋ ላይ ታዝላ አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል። «ልጄስ?» አለች። «ልጄን ታዲያ ማን ነው የያዛት? ያን ቀን ሙታን ትጠራለች አልሽኝ፣ ዛሬ ጀልባ ትይኛለሽ። ነገ ደግሞ ምን ልትይኝ ነው ኦዳርሌ?»

«አብረን ክሊኒክ እንውሰዳት» አለች ኦዳርሌ። «የምትጠብቀን ነርስ አለች። አሁኑኑ። ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።»

«ቡዳው ወደ ምራቷ ተላልፎ ነው!» አለች ከቧንቧው በኩል አንዲት ሴት። «አሮጊቷ አቀብላታለች! አታዩም እንዴ ዓይኗን?»

ሰው ተንሾካሾከ፣ ወደ ኋላም ትንሽ ሸሸት አለ፤ ኦዳርሌ ከተንበረከከችበት ዙሪያዋ ባዶ ሲሆን ታወቃት። አታ ኒኮይ ዱላቸውን አነሱ። «መኪናው ይሂድ» አሉ። «እጇን ፍቱላት።» ከዚያ ኦዳርሌን ለረዥም ጊዜ አዩዋት። «ሕጻኗ አንድ ነገር ብትሆን ግን፣ ኮርኮይን አይደለም የምጠይቀው።»

ጎረምሶቹ ጨርቁን ፈትተው ወጡ። አንደኛው ኳርቴይን ከመኪናው ላይ እስኪነሳ ጠብቆ፣ ሳይቆጣ፣ ነገር እንደሚያስታውስ ሰው፣ «ባዶውን የተመለሰ መኪና ደግሞ ይመጣል» አለው።

አናጺው የተነቀለውን ማጠፊያ መልሶ እየመታ አሮጊቷን ሊጠብቅ ቀረ፤ ሁለቱ ሴቶች ሕጻኗን ይዘው ሄዱ። ሲስተር ኤፉዋ እንዳለችው በር ላይ ቆማ ነበር። ደም ተወሰደ፣ ወባ ነው ተባለ፣ መድኃኒት በመርፌ ተሰጠ። «ገና ትኩሳቱ ሲጀምራት ነበር መምጣት የነበረባችሁ» አለች ነርሷ፣ ጮክ ብላ ግን አልተናገረችም። ለረዥም ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ነበር። ዴዴይ የልጇን እግር እያሻሸች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እናቴን በየማለዳው እንዲያ ነበር የሚጠሯት?» አለች።

«አባትሽ እንደዚያ አሉ።»

«አላስታውስም» አለች ዴዴይ። «ልጅ ነበርኩ። እተኛ ነበር።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢ ሲገቡ፣ ቅድም ከቧንቧው በኩል የጮኸችው ሴትዮ ደፍ ላይ የምትጫወተውን ልጇን በክንዷ ጎትታ ወደ ውስጥ አስገባች። ኦዳርሌ ልማድ ሆኖባት ወደ ክፍሏ ተመለከተች፤ አማቷ ግን ደጅ አልነበሩም። የተጎተተችው ልጅ ዓይን ኦዳርሌ ራሷ ላይ ነበር።

ኳርቴይ ማጠፊያውን አጠንክሮ ሄደ፤ «ማክሰኞ ይዘሻቸው ነይ» ብሏት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሶዋ መጣ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። እናቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሶዋ አያቸው፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አጣ። እጁ ላይ ጥቁር ፌስታል ነበር። ኦዳርሌ ተቀብላ ፈታችው፦ በልጣጭ ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ ኬንኬ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ትንሽ በርበሬ። ኬንኬው ሁለት ነው። ዓሣውም ሁለት። በዚያ ቤት ደግሞ ሦስት ሰው ነው የሚበላው።

«ሁለት ነው የገዛኸው» አለችው።

ሶዋ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ፣ እዚያው እንደጎነበሰ ቀረ። ኦዳርሌ ከእሱ የምትሻልበት ነገር እንደሌለ ታውቃለች። የራሷን ኬንኬ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለአማቷ ሰጠች። ናአ ኮርኮይ ግን ሳይቀምሱት ሶዋን ትኩር ብለው አዩት፣ ጎንበስ ያለውን ራሱን።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?» አሉ። «ፊቱ ክፉኛ ጠቁሯል። የሚበላ ስጡት እንጂ።» ግማሿን ኬንኬ በመዳፋቸው ይዘው ዘረጉለት። ሶዋ ለመቀበልም ላለመቀበልም አልቻለም፤ እጃቸው በአየር ላይ ቆየ።

ውጭ በዚያ ሰዓት ጫጫታ የማያጣው ግቢ ጭጭ ብሏል። ሁሉም የዴዴይን በር እያዳመጠ ነበር። ኦዳርሌም ታዳምጣለች፣ ቁራሹን በአፏ ይዛ ሳታላምጥ። ከዚያ በሩ ተከፈተና የዴዴይ ድምፅ መጣ፣ ከለቅሶ ጋር የተቀላቀለ ሳቅ ነበር፦ «አባባ! አልቧታል! ልጄን አልቧታል፣ ውሃ ጠየቀችኝ!»

ኦዳርሌ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ለቀቀች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ነበር። ሶዋም ቀና አለ። በዚያው ቅጽበት ከቧንቧው በኩል የሴትዮዋ ድምፅ ተሰማ፣ ለጎረቤቷ ነው የምታወራው፣ ግቢው ሁሉ ግን ይሰማታል።

«አላልኳችሁም?» አለች። «ምራቲቱ ተነቃባት፣ ሕጻኗን ለቀቀቻት።»